ርካሽ ኮምፒዩተርና የጎጃም ተማሪ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ የተሰጠን አርእስት «ሳይንስና የገጠሩ ሕዝብ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ አርእስት ለተናጋሪው ይመቻል፤ አድማጩን ግን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሰደዋል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ተመካክረን ነገሩን አጠበብነው። የምንነጋገረው ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጫማ ብዙ የማይበልጥ ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ዕቃ የአገራችን ልጆች ፕሮግራም መጻፍ ሊማሩ ይችላሉ ወይ? ይችላሉ ከተባለስ ምን ያስፈልጋል?

ፕሮግራም መጻፍ ያልነውን በመጀመሪያ እንለይ። ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ኮምፒዩተር ተማርን» ስንል የተማርነው ደብዳቤ መተየብና ሠንጠረዥ መሥራት ነው። ይህን አንንቅም፤ የሥራ ማመልከቻ የምንጽፈው በእርሱ ነውና። ነገር ግን ሌላ ሰው አስቦ የጨረሰውን መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ ለመኪናው አዲስ ሥራ በቃል አሰናድቶ ማዘዝ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያጓድል በተራ በተራ መናገር አለበት። መኪናው ግማሹን አይገምትለትም፤ «ገብቶኛል» ብሎም አያልፈውም። የዚህ ትምህርት ዋናው ጥቅም እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ደመወዙ በኋላ ይመጣል፣ ላይመጣም ይችላል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ከመካከላችን አንዱ የተማረበትን ትምህርት ቤት ስሙን ሳንጠራ እንናገር። የኮምፒዩተር ክፍል ነበረው። ኮምፒዩተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው በተርታ ተቀምጠው ነበር፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ ያ ሰው ለስብሰባ ሲሄድ ቁልፉም አብሮ ለስብሰባ ይሄዳል። ክፍሉ በተከፈተ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ «ያልታዘዛችሁትን እንዳትነኩ!» የሚል ነበር። በዚያ ሰው ላይ አንፈርድም። ዕቃው ቢበላሽ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ምትኩንም ማንም አይገዛለትም። እንግዲህ ፕሮግራም መማር ማለት መነካካት፣ ማበላሸት፣ እንደገና መሞከር ስለሆነ፣ ውድ ኮምፒዩተር ባለበት ክፍል ይህ ትምህርት ከበር ይመለሳል። ርካሽ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገን ድኾች ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ የማይፈራ ዕቃ ስለሚያስፈልገን ነው።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሀብታሞቹም አገሮች ደርሶባቸዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1981 ዜድ ኤክስ 81 የሚባል ትንሽ ኮምፒዩተር በ70 ፓውንድ ገደማ ይሸጥ ነበር። የማስታወስ ችሎታው አንድ ኪሎባይት፣ ማለት አንድ ሺህ ያህል ፊደል ብቻ ነበር፤ ይህ አሁን እያነበባችሁት ያለውን ወረቀት አንዱን ገጽ እንኳ አይሞላም። ስክሪን አልነበረውም፤ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ይቀጠላል። ሲከፈትም ጨዋታም ሥዕልም አያሳይም፤ «ምን ልታዘዝ?» እንደሚል አሽከር ቤዚክ በሚባለው ቋንቋ ትእዛዝ ይጠብቃል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢቢሲ ማይክሮ የተባለው ተከተለና በየትምህርት ቤቱ ገባ። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ያደጉት ልጆች መሐንዲሶች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ እየተዋበ፣ እየከበደ፣ የቤተ ሰቡ የጋራ ንብረት እየሆነ ሄደ፤ ልጁም ተጠቃሚ ሆኖ ቀረ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤበን አፕተን፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥራቸው እንዳነሰ፣ የሚመጡትም ቀድሞ እንደነበሩት የተለማመዱ እንዳልሆኑ አይቶ ከጓደኞቹ ጋር መከረ። የምክሩ ፍሬ እ.ኤ.አ. በየካቲት 29 ቀን 2012 ለሽያጭ የቀረበው ራስበሪ ፓይ ነው።

ራስበሪ ፓይ እንደ መታወቂያ ወረቀት ያለች አንዲት ሰሌዳ ናት። የመጀመሪያዋ በ35 ዶላር ትሸጥ ነበር፤ ቀለል ያለችው በ25። እንደ ድሮዎቹ ስክሪን የላትም፤ ከቴሌቪዥን ጋር ትቀጠላለች፤ አፕተንና ጓደኞቹ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት አስበው ለእርሱም የሚሆን ሶኬት አድርገውላታል። ሁሉን ነገር የምትይዘው በትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ልጁ ውስጧን ቢያመሰቃቅለው፣ መምህሩ ካርዱን አውጥቶ እንደገና ይጽፍበታል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ትሆናለች። የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ቁልፍም አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓይ ዜሮ የተባለችው በ5 ዶላር ወጣች፤ በዚያ ወር እንዲያውም ከአንድ መጽሔት ሽፋን ጋር ተለጥፋ በነጻ ታድላለች። ኮምፒዩተር ከመጽሔት ጋር ምርቃት ሆኖ ሲሰጥ በዓለም የመጀመሪያው መሆን አለበት። በ2021 ደግሞ ፒኮ የተባለችው በ4 ዶላር መጣች። ፒኮ ሙሉ ኮምፒዩተር አይደለችም፤ ሙቀት የሚለካ፣ መብራት የሚያበራ፣ ሞተር የሚያዞር መኪና ልብ ናት፤ የምትጠጣውም ኤሌክትሪክ ከግማሽ ዋት በታች ነው። ነገር ግን አውስትራልያዊው ጄፍ ግራሃምና ባልደረቦቹ ለእርሷ የሚሆን ቤዚክ አዘጋጅተው፣ ስክሪንና የጽሕፈት ሰሌዳ ሲቀጠልባት እንደ ድሮው ዜድ ኤክስ ተከፍታ ትእዛዝ የምትጠብቅ አድርገዋታል። ማስታወሻዋ 264 ኪሎባይት ነው፤ ይህም ከዜድ ኤክስ 81 ከሁለት መቶ ዕጥፍ በላይ ነው።

ይህን ስንናገር ገንዘብ ያዥ የሆነው ጓደኛችን እንደሚስቅብን እናውቃለን። 35 ዶላር ሰሌዳዋ ብቻ ናት። ካርዱ፣ ቻርጀሩ፣ የጽሕፈት ሰሌዳው፣ ገመዱ፣ ስክሪኑ ሲጨመር ሁለትና ሦስት ዕጥፍ ይሆናል፤ ማጓጓዣና ቀረጥም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የብራችን ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበርና 35ቱ ዶላር ወደ 2 ሺህ ብር ይሆን ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከመቶ ብር አለፈና ያቺው ሰሌዳ ከ3 ሺህ 500 ብር በላይ ሆነች። ሰሌዳዋ አልተለወጠችም፤ የእኛ ኪስ ነው የተለወጠው። ስለዚህ «ርካሽ» የሚለው ቃል በካምብሪጅና በቡሬ አንድ ዐይነት ትርጉም የለውም። እኛ ርካሽ የምንለው፣ ቢሰበር አንድ ክፍል ተማሪ አዋጥቶ ሊተካው የሚችለውን ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ፒኮ ያልፋል፤ ራስበሪ ፓይ በጭንቅ ያልፋል፤ ላፕቶፕ ይወድቃል።

«በኢትዮጵያ ይህ ነገር ተሞክሮ ያውቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተሞክሯል፤ ታሪኩም ብዙ ያስተምራል። የማሳቹሴትሱ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» ብሎ በ100 ዶላር የሚሸጥ ኮምፒዩተር ለዓለም ተስፋ ሰጠ። ተሠርቶ ሲወጣ ዋጋው ከ180 ዶላር በላይ ሆነ። ነጭና አረንጓዴ የሆነ፣ አቧራና ውርወራ የሚችል፣ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ፣ እጅግ የተዋበ ዕቃ ነበር፤ ልጆች ፕሮግራም የሚጽፉበትም ነገር በውስጡ ነበረው። በ2008 ገደማ አምስት ሺህ ያህሉ ወደ አገራችን መጥተው ለአዲስ አበባና ለገጠር ትምህርት ቤቶች ታደሉ።

ምን ሆነ? ልጆቹ ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የሆላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ላፕቶፑን ያገኙት የኢትዮጵያ ልጆች ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በመመደብ ፈተና ካላገኙት እንደበለጡ አሳይቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ዕቃውና መምህሩ ሳይተዋወቁ ቀሩ። መምህሩ በበቂ አልሠለጠነም፤ ከስድሳ ልጅ ፊት ቆሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ደግሞ ከዴስኩ ሥር ፎቶግራፍ ይነሣሣሉ፤ በመጨረሻ መምህሩ «ዝጉት!» ይላል፤ እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን እንል ነበር። በፔሩ ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ታድሎ ሳለ፣ በ2012 የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም።

ኔግሮፖንቴ ግን አልተበገረም። በዚያው በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አጠገብ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት በታሸገ ሳጥን፣ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ አስቀመጠላቸው። በሰጠው ቃል መሠረት አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ የማብሪያውን ቁልፍ አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ከፈቱት። ስለ ልጆቻችን ብልኅነት ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ አልተደነቅንም እንጂ። ከዚህ ተነሥቶ «መምህር አያስፈልግም» የሚለውን መደምደሚያ ግን አንቀበለውም። ካሜራ መክፈት የቻለ ልጅ ቀጥሎ የት ይሂድ? መንገዱን የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።

ከዚህም በፊት በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ገብቶ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ትምህርቱ ከሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል አይሰማም፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ፕላዝማና ላፕቶፑ አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ዕቃው ቀደመ፣ መምህሩ ተከተለ።

አሁን ስለ አገራችን ሁኔታ ሳንሸፋፍን እንናገር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ጦርነቱ ባመጣው መከራ አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በፍኖተ ሰላም ከተማ በዚያው ነሐሴ ላይ የደረሰውን እልቂት እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ሰምቷል፤ በዚያ ላይ ንግግር ማብዛት አይገባንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም ሲጀምር፣ ትምህርቱ ነጻ፣ በሩም ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ግን የሚገባው በኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ለሰርግ ተጠርቶ ወንዝ እንደ ሞላበት ሰው ነው፤ ጥሪው በእጁ አለ፣ መሻገሪያ የለውም።

ስለዚህ ለጃቢ ጠህናን፣ ለቡሬ ዙሪያ፣ ለወንበርማ፣ ለቋሪት የሚሆነው ኮምፒዩተር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆን አለበት። ይህ ይቻላል። የፓይተን ቋንቋም፣ የመማሪያው መጽሐፍም፣ መልመጃውም በአንዲት ካርድ ላይ ተጭኖ በኪስ ይሄዳል፤ ካርዱን የሚያባዛው ልጅ ይህን በራሪ ጽሑፍ ከሚያባዛልን ጓደኛችን ያነሰ ይደክማል። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያይቱ ራስበሪ ፓይ 3 ዋት ተኩል ያህል ትፈልጋለች፤ ዐሥሩ ተደምረው ከድሮው የ60 ዋት አምፖል ያነሱ ናቸው። ማታለል እንዳይሆንብን፣ የሚበላው ስክሪኑ መሆኑን እንጨምር፤ አንድ ስክሪን ብቻውን የአራትና የአምስት ሰሌዳ ድርሻ ይወስዳል። ለዚህ ነው ሁለት ሁለት ልጅ በአንድ ስክሪን እንዲቀመጥ የምንለው። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው እያነበበ ያርማል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። በገበያ ቀን በፀሐይ ሰሌዳ የሰው ስልክ እየሞላ የሚኖር ሰው በየገጠር ከተማው አለ፤ እርሱ የሚያውቀው ሙያ ለአንድ ክፍል ይበቃል።

«ስልክስ?» ያላችሁን አልዘነጋንም። በእርግጥ ከሁሉ ርካሹ ኮምፒዩተር ቀድሞ የተገዛው ነው፤ ፓይተን በስልክም ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሌላ ያላገኘ በእርሱ ይጀምር። ግን በአውራ ጣት ሃምሳ መስመር ጽፎ ያየ ሰው ስለምን የጽሕፈት ሰሌዳ እንደምንለምን ያውቃል። ስልኩም የአባትየው ነው፤ ሲጠራ ይወሰዳል።

እንግዲህ ልጁ ተቀመጠ እንበል። ምን ይጻፍ? የውጭ መጻሕፍት የፒዛ ዋጋ በማስላት ይጀምራሉ። እኛ የምናቀርበው ባሕረ ሐሳብን ነው። ይህ በየደብሩ የሚሠራበት ሒሳብ፣ ከስሌቱ ጠባይ የተነሣ፣ ለፕሮግራም ተማሪ የተሰናዳ ይመስላል፤ ማካፈል፣ ቀሪን መያዝ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ፣ አለዚያ እንዲያ» ማለት ነው ሁሉም ነገሩ። በ2018 ዓ.ም. አብረን እንሥራው።

በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍለው 13 ይተርፋል፤ መደብ ይባላል። አንድ ሲነሣለት 12 ይቀራል፤ ወንበር እርሱ ነው። ወንበርን በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፈው መጥቅዕ 18 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ መስከረም 18 ነው። ቀኑ ማን ነው? ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለን የደረሰውን 1879 በራሱ ላይ ስንጨምረው 9397 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ነበረ። እንግዲያው መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 መባጃ ሐመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይሆናል። ይህን ሁሉ በፓይተን ለመጻፍ ሃያ መስመር ይበቃል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ፓይተን ደግሞ ለየቁጥሩ የምንሰጠው ስም በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ልጁ «ወንበር = መደብ - 1» ብሎ በራሱ ፊደል ይጽፋል፤ መኪናውም ያለ ማጉረምረም ይቀበለዋል። ፊደላችን በዓለም የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጥቅሙ በዚህ ይታያል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ፕሮግራሙ ሲሳሳት ነው። ለ2018 ብቻ የሞከረ ልጅ ጨረስኩ ብሎ ይነሣል። «እስቲ የ2017ን ጠይቀው» በሉት። መጥቅዕ 29 ይወጣል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ መኪናውም ምንም ሳያፍር «ጥር 33» ብሎ ይጽፋል! ጥር 33 የሚባል ቀን እግዚአብሔር አልፈጠረም። ልጁ ራሱን ያክካል፤ ከዚያ መባጃ ሐመር ከ30 ሲበልጥ 30ው ተነሥቶ ነነዌ ወደ የካቲት መሻገር እንዳለባት ያስታውሳል፤ የካቲት 3 ይሆናል፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 12። አሁን ደግሞ የ2005ን ይጠይቅ። ዓመተ ዓለሙ 7505 ለ19 እኩል ይካፈላል፤ ቀሪው ባዶ ነው፤ ከባዶ ላይ አንድ ሲነሣ ወንበሩ ከዜሮ በታች ሆኖ ቁጭ ይላል። የደብተራው ደንብ ለዚህ መልስ አለው፤ ወንበሩ 18 ነው። የ2006 ደግሞ ወንበር ባዶ፣ መጥቅዕ 30 ነው። ልጁ ይህን ሲያርም ያወቀው የፓይተንን ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ አያቱ በቃላቸው የያዙት ሒሳብ ማዕዘኖቹ ሁሉ ቀድመው እንደታሰቡበት ያያል። ኮምፒዩተሩ የፋሲካን ቀን እንዲነግረን አንፈልገውም፤ መርጌታው በቅጽበት ይነግሩናል። የምንፈልገው ልጁ ለመኪናው እንዲያስረዳ ነው።

በጎጃም ምድር ስለ ማስተማር ተነሥቶ ስለ ቅኔ ቤት ዝም ማለት አይቻልም። ዋሸራን ያየ ሰው ያውቃል፤ ዕቃ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ከጎጆው ሥር ወይም ከዛፍ ሥር ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ማለፍ የለም፤ በየቀኑ የራሱን አዲስ ነገር ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ ነገም ይመለሳል። እኛ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ስንቀመጥ በየቀኑ አዲስ ነገር ፈጥረን እንድናቀርብ የጠየቀን መምህር ስንት ነበር? ፕሮግራም የሚማር ልጅ የሚያስፈልገው ይኸው የቅኔ ቤት ሥርዐት ነው፤ ትንሽ ነገር፣ የራሱ የሆነ፣ በየቀኑ፣ ወዲያው የሚታረም። ኒው ዚላንዳዊው ቲም ቤልና ጓደኞቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኮምፒዩተር ሳይንስን ያለ ኮምፒዩተር በካርድና በጠመኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ የምዕራብ ጎጃም መምህር ይህን ቢሰማ ብዙ የሚገረም አይመስለንም።

ስለ ፒኮ አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበቆሎና የበርበሬ አገር ናቸው። በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ በላይ ሆኖ ጎተራ ከገባ ይሻግታል፤ ሻጋታውም መርዝ ያበጃል። በአራት ዶላር ሰሌዳ ላይ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ቢቀጠልና በጎተራው ውስጥ ያለው አየር ሲረጥብ ቀይ መብራት እንዲያበራ ቢደረግ፣ ይህን የሚሠራ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፕሮግራሙ ዐሥር መስመር አይሞላም። ገበሬው እህሉን በጥርሱ ሰብሮ ማወቁን አይተውም፤ ይተው ብንለውም አይሰማንም፤ ልጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብተሩ ውጭ ያለ ነገር ላይ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

«ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል?» የሚለው ተቃውሞ ከመካከላችንም ተነሥቶ ሁለት ማታ አከራክሮናል። መልሱ ቀላል አይደለም። የተቃጠለ ክፍል ባለበት፣ መምህሩ ደመወዙን በጊዜው በማያገኝበት ቦታ ይህን ዕቃ ይዞ መሄድ ፌዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የተስማማነው በዚህ ነው፤ ከወንበርና ከመጽሐፍ ገንዘብ ላይ ሳንቲም አንነካም፤ ከመንግሥትም አንለምንም፤ መምህራኑ «እንፈልገዋለን» ካሉበት ቦታ በስተቀር አንሄድም።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በሚመጣው ክረምት ወደ ቤተ ሰቦቻችን ስንሄድ በፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል፣ በቡሬ አንድ ክፍል እንክፈት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለመምህራን ብቻ ይሁኑ፤ ልጆች አይግቡ። መምህራኑ ጥር 33ን በራሳቸው እጅ አግኝተው ያርሙ። ከዚያ በኋላ ለአራት ሳምንት ሃያ ሃያ ልጆች፣ ከእነርሱም እኩሌታው ልጃገረዶች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይማሩ። ክረምቱ ሲያልቅ ዕቃው ከመምህራኑ ጋር ይቀራል፤ በሣጥን አይቆለፍም፤ ቢሰበር አንጠይቃቸውም፤ ይህም በጽሑፍ ይሰጣቸው።

ለዚህ የሚያስፈልገን ለየክፍሉ ዐሥር ሰሌዳ፣ ዐሥር የጽሕፈት ሰሌዳ፣ ዐሥር ስክሪን ወይም አሮጌ ቴሌቪዥን፣ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ከነባትሪው ነው። ሰሌዳዎቹን ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶች ማስመጣት እንችላለን፤ በኪስ የሚገቡ ናቸውና። የቀረውን ከእናንተ እንለምናለን። በየመኝታ ቤታችሁ አልጋ ሥር አንድ ፊደሉ የተነቀለ የጽሕፈት ሰሌዳ፣ አሮጌ የስልክ ቻርጀር፣ ስምንት ጊጋ ባይት ካርድ የማይገኝበት ሰው እንደሌለ ተማምነን ነው የመጣነው። የመምህራን ክፍሎችም ከአገልግሎት የወጡ ስክሪኖቻቸውን ንብረት ክፍል ከመውሰዱ በፊት እንዲያሳዩን በትሕትና እንጠይቃለን።

በበሩ አጠገብ በቀኝ በኩል መዝገብ ተቀምጧል። ዕቃ የምትሰጡ በመጀመሪያው ገጽ፣ በክረምቱ አብራችሁን ለመሄድ የምትፈቅዱ በሁለተኛው ገጽ ስማችሁንና የመጣችሁበትን ወረዳ ጻፉልን። የባሕረ ሐሳቡን ፕሮግራም እያረምን ስለሆነ፣ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን የፋሲካ ቀኖች የያዘ የቆየ የቀን መቁጠሪያ በቤቱ ያለው ሰው ለአንድ ሳምንት ቢያውሰን በሦስተኛው ገጽ ይመዝግብልን።